ከአዳራሹ በፊት መስኩን እንይ፦ በብሪታንያ የበጋ ጉዞ ለሚያዘጋጁ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ኮሚቴዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የጉዞ ኮሚቴ አባላት፣

በየዓመቱ በጋ ሲገባ አባሎቻችሁን በአውቶቡስ አሳፍራችሁ ከከተማ ለማውጣት የምትደክሙትን ድካም፣ ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ስለሆንሁ በቅርብ አውቀዋለሁ። ስም መመዝገብ፣ መዋጮ መሰብሰብ፣ በዋዜማው ሌሊት "አልመጣም" ያለውን ሰው በሌላ መተካት፣ ማለዳ ከሁሉም ቀድሞ አውቶቡሱ አጠገብ መቆም፣ ይህ ሁሉ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሥራ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው ቅሬታ ውለታ ቢስነት ተደርጎ እንዳይወሰድብኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

ጉዳዩ እንግሊዞች "ካንትሪ ሃውስ" የሚሏቸውን የጥንት ባላባቶች የገጠር መኖሪያዎች የምንጎበኝበትን መንገድ ይመለከታል። ከባሕር ዳርቻው ሽርሽር ጎን ለጎን እነዚህን ቤቶች በዕቅዳችሁ ውስጥ ማስገባት መጀመራችሁ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን እኔ በተሳተፍሁበት አንድ ጉዞ፣ ከአውቶቡሱ ከወረድንበት ጊዜ አንሥቶ ተመልሰን እስክንሳፈር የተፈቀደልን ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነበር። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ሰዓቱ በመጸዳጃ ቤት ወረፋ አለቀ፤ አንድ ሰዓት ያህሉን በክፍሎቹ ውስጥ በሰልፍ አለፍን፤ የቀረው ለሻይና ለመታሰቢያ ዕቃ መሸጫው ሆነ። በአትክልቱ ስፍራ የቆሙትን ዘመናዊ ቅርፃ ቅርፆች ለማየት የጠየቁ ሁለት ወጣቶች "እሱ የብረት ቁርጥራጭ ነው፤ ቤቱን እዩ" ተብለው ተመለሱ። መላሹን አልወቅስም፤ ከብዙዎቻችን አፍ ሊወጣ የሚችል መልስ ነበርና።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ጉብኝቱ ከውጭ ይጀመር፤ ከውጭም ደግሞ ከአዲሶቹ የጥበብ ሥራዎች ይጀመር። ለዚህ ያበቃኝን ምክንያት በአንድ ቤት ምሳሌነት ላስረዳ።

በኖርፎክ፣ ከኪንግስ ሊን ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ሃውተን ሆል የብሪታንያ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ተብሎ የሚቆጠረው ሰር ሮበርት ዋልፖል እ.ኤ.አ. ከ1722 ጀምሮ ያሠራው ቤት ነው። ንድፉን ኮለን ካምቤልና ጄምስ ጊብስ፣ የውስጡን ጌጥ ዊልያም ኬንት፣ የአትክልቱን ስፍራ ቻርልስ ብሪጅማን ሠርተውታል። ዛሬ ባለቤቱ የቾልሞንደሌይ ማርኩዊስ ነው፤ ስሙ እንዲህ ተጽፎ "ቻምሊ" ተብሎ ስለሚነበብ በአውቶቡስ ላይ ለልጆች ጥሩ መሳቂያ ይሆናል። ይህ ባለቤት ላለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታትና ከዚያም በላይ የዘመናችንን ቀራፂዎች እየጋበዘ በመስኩ ላይ ሥራዎቻቸውን ሲያስተክል ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ2024 በጋ ከጥቂት ወዳጆቼና ሰባ ዓመት ካለፋቸው ከአንዲት እናታችን ጋር ወደ ሃውተን ስሄድ፣ አንተኒ ጎርምሊ የተባለው ቀራፂ ከገዛ ሰውነቱ ላይ ቅርጽ አውጥቶ ያስቀለጣቸው 100 የብረት ሰዎች በ300 ኤከር መስክ ላይ ተበትነው ቆመው ነበር። እያንዳንዳቸው ከ600 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑ፣ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ91 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ዝገት ያለበሳቸው ራቁት ሰዎች ናቸው። እማማ መጀመሪያ የደረሱት እስከ ደረቱ ከተቀበረው ዘንድ ነበር። በምርኩዛቸው ተደግፈው ትንሽ አዩትና "ይኼ ደግሞ ምን በድሎ ነው እስከዚህ ድረስ የቀበሩት?" አሉ። እልፍ ስንል ሌላው በሲሚንቶ ዓምድ ላይ፣ ከራሳችን በላይ ቆሞ አገኘነው። "ይኼኛው ተሾሟል" አሉ።

ሁላችንም ሳቅን፤ ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩን አስረዳኋቸው። ሰዎቹ ሁሉ የቆሙት በአንድ ልክ ነው። በቤቱ ውስጥ የቆመው አንዱ ለሌሎቹ የከፍታ መለኪያ ሆኖ፣ መሬቱ ከዚያ ልክ ከፍ ባለበት ቦታ ብረቱ እንዲቀበር፣ ዝቅ ባለበት ደግሞ በዓምድ እንዲደገፍ ተደርጓል። ከመካከላቸው ሩብ ያህሉ በዓምድ ላይ የቆሙ ሲሆን፣ የዓምዶቹ ቁመት ከጥቂት ሳንቲ ሜትር ጀምሮ እስከ አራት ሜትር ይደርሳል። እማማ ይህን ከሰሙ በኋላ የብረት ሰዎቹን ትተው መሬቱን ማየት ጀመሩ። "እኔስ ሜዳ መስሎኝ ነበር" አሉ።

የተከበራችሁ ኮሚቴዎች፣ እኔ በዚያ ቤት የቀረውን ሁሉ ያየሁት በዚህች ቃል ነው። የእንግሊዝ ባላባት መስክ የሚደነቀው በተፈጥሮው ሜዳ፣ በተፈጥሮው አረንጓዴ መስሎ በመታየቱ ነው፤ እንዲህ መስሎ እንዲታይ የተደከመበት ድካም ግን ከቤቱ ግንባታ አያንስም። ለምሳሌ ያህል በቤቱና በአጋዘኖቹ መሰማሪያ መካከል አጥር አይታይም። ሃውተን ነጫጭ አጋዘኖች ያሉት ቤት ነው፤ ከመስኮት ሆኖ ለሚያይ ሰው እንስሳቱ እስከ ደጃፉ ሊመጡ የሚችሉ ይመስላሉ። የሚያግዳቸው ጠጋ ሲሉ ብቻ የሚታይ፣ በአንድ ወገኑ በግንብ የተደገፈ ቦይ ነው። ስሙም "ሃሃ" ይባላል። የሰር ሮበርት የመጨረሻ ልጅ ሆራስ ዋልፖል እንደጻፈው፣ ሰው በድንገት ሲደርስበት ከመገረሙ የተነሣ ከሚያወጣው ድምፅ የመጣ ስም ነው። አጥሩን ከማፍረስ ይልቅ ከዓይን መሰወር የዚያ ዘመን የአትክልት ጥበብ አንዱ ብልሃት ነበር።

ከዓይን የተሰወረው ግን ቦይ ብቻ አይደለም። ከብረት ሰዎቹ አልፈን ስንሄድ በሣሩ መካከል ብቻውን የቆመ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ታየን። እማማ ከእኛ ከምናነብበው ከመግለጫ ወረቀት ቀድመው "ቤተ ክርስቲያን ብቻውን ሜዳ ላይ አይተከልም፤ ሰዎቹስ የት አሉ?" ብለው ጠየቁ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነበር። ሰር ሮበርት ቤቱን ሲያሠራ በአጠገቡ የነበረው የሃውተን መንደር ከመስኮቱ የሚታየውን እይታ ስላበላሸበት አስፈርሶታል። ነዋሪዎቹም እ.ኤ.አ. ከ1729 ጀምሮ ከግቢው በር ውጭ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ወደ ተሰለፉት አዳዲስ ቤቶች ተዛወሩ፤ አዲሱም መንደር ኒው ሃውተን ተባለ። የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይፈርስ ቀረ፤ ሰር ሮበርትም የተቀበረው በዚያው ውስጥ ነው። በእነዚያ ቤቶች መካከል የሚያልፍ ጎብኚ ለምን እንደዚያ ተሰልፈው እንደቆሙ ካልተነገረው አያውቅም።

ይህ የአንድ ቤት ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ ሁለተኛ ቤት ልጥቀስ። በደርቢሸር የሚገኘው፣ የዴቮንሸር መስፍኖች መኖሪያ የሆነው ቻትስወርዝም እንዲሁ ነው። ኤደንሶር የተባለው መንደር እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ በስድስተኛው መስፍን ትእዛዝ ከቤቱ እይታ ውጭ ወደ ሆነ ስፍራ ተዛውሯል። በዚያው ቤት ጆሴፍ ፓክስተን የተባለው የአትክልት አዋቂ እ.ኤ.አ. በ1844 የሠራው የውኃ ፏፏቴ ያለ ምንም ሞተር፣ ከኮረብታው ላይ ከተቆፈረ ኩሬ በሚወርድ የውኃ ግፊት ብቻ እስከ 90 ሜትር ወደ ላይ ሊወረወር ይችላል። የተሠራውም የሩሲያውን ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኒኮላይን ለመቀበል ነበር፤ እንግዳው ግን ሳይመጣ ቀረ።

ወደ ሃውተን ልመለስ። ዘመናዊው ሥራ ሁሉ እንደ ጎርምሊ ሰዎች ለአንድ ወቅት ቆይቶ ተነቅሎ የሚሄድ አይደለም። በቋሚነት ከተተከሉት መካከል ልቤን የገዛው አንያ ጋላቺዮ የተባለችው ሠዓሊ ያስተከለችው የዛፍ አጥር ነው። የአሁኑ ባለቤት አያት የነበሩት ሲቢል ሳሱን ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ቤቱን ከመፈራረስ ያዳኑ ሴት ናቸው፤ አጥሩም የእርሳቸውን ፊርማ መሥመር ተከትሎ የተተከለ ነው። በመሬት ላይ ሆኖ ለሚሄድ ሰው የሚጠማዘዝ ቁጥቋጦ እንጂ ፊርማ አይደለም። ይህን ለእማማ ስነግራቸው እጃቸውን በቅጠሎቹ ላይ እያስኬዱ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሄዱ፤ ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ ነበሩ።

ከዛፎቹ መካከል ደግሞ አሜሪካዊው የጥበብ ሰው ጄምስ ተሬል የሠራው፣ በእግሮች ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ የእንጨት ክፍል አለ። ተዳፋቱን ወጥቶ ሲገባ በግድግዳው ዙሪያ መቀመጫ፣ በጣሪያው ላይ ደግሞ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ብቻ ያገኛል። ቀና ብለው ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚታየው ተራ ሰማይ ነው። ቆይቶ ግን የቀዳዳው ጠርዝ ስስ በመሆኑ ሰማዩ ርቀቱን ያጣና ጣሪያው ላይ እንደ ተወጠረ ሰማያዊ ጨርቅ ይሆናል፤ ደመና ሲያልፍ ጨርቁ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ይህን ሥራ በአምስት ደቂቃ ያየ ሰው አላየውም። እኛ አርባ ደቂቃ ያህል ተቀመጥን፤ ከመካከላችን አንዱ እንቅልፍ ወሰደው፤ ይህም ከተሬል ዓላማ ብዙ የራቀ አልመሰለኝም።

ከመስኩ በኋላ ወደ ክፍሎቹ የገባ ሰው ሌላ ዓይን ይዞ ይገባል። እኛም ስንገባ ማንም "ምን ያምራል!" ብሎ አላለፈም፤ ጥያቄ ነበር የሚጠየቀው። የደረጃውና የበሮቹ ጥቁር ቀይ እንጨት ከየት መጣ? ማሆጋኒ ነው። የዋልፖል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1721 ባወጣው ሕግ ከአሜሪካና ከካሪቢያን ቅኝ ግዛቶች በሚመጣ እንጨት ላይ ይከፈል የነበረው ቀረጥ ተነሣ። ሕጉን ያወጡት ሰውዬ ቤታቸውን በዚያው እንጨት አስጌጡ፤ ዛፉን በጃማይካ ደን ውስጥ የቆረጡት ደግሞ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ የነበረችው አስተናጋጅ ይህን ስንጠይቃት ሳትደበቅና ሳትቸኩል ነገረችን። ናሽናል ትረስት የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1895 የተቋቋመውና ብዙ እንዲህ ያሉ ቤቶችን የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት 93 የሚሆኑ ንብረቶቹ ከቅኝ ግዛትና ከባሪያ ንግድ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ዘርዝሯል። ጥያቄው እንግዲህ የሚያስነውር አይደለም። በአንድ ጉዞ ላይ "የመቅደላ ዕቃ አለ ወይ?" ብሎ የጠየቀውን አባት ዝም ያሰኙት ሰዎች ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ያጋዘው ቅርስ በሙዚየም ብቻ ሳይሆን በግለሰብ ቤቶችም የገባ በመሆኑ፣ በየትኛውም አሮጌ ቤት በጨዋ ቃል ቢጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ግድግዳዎቹ ነበር። ሰር ሮበርት በሥዕል ስብስቡ በአውሮፓ የታወቀ ሰው ነበር። የልጅ ልጁ ግን በዕዳ ተይዞ እ.ኤ.አ. በ1779 ከ200 በላይ ሥዕሎችን ለሩሲያዋ ንግሥት ለታላቋ ካትሪን ሸጣቸው፤ አብዛኞቹም ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ በኤርሚታዥ ሙዚየም ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከ60 በላይ የሚሆኑት ለጥቂት ወራት በውሰት ተመልሰው ቀድሞ በነበሩበት ክፍል ተሰቅለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በእነዚሁ ክፍሎች የቤተሰቡ ምስሎች ወርደው የእንግሊዛዊው ሠዓሊ የዴሚየን ኸርስት ባለ ነጠብጣብ ሥዕሎች ተሰቀሉ። እዚህ ላይ ሐሳቤን ሳልሸሽግ ልናገር፤ ዘመናዊ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ሥራ ለቤቱ ይስማማዋል አልልም። የጎርምሊ ብረት መሬቱን አናገረው፤ ነጠብጣቦቹ ግን የትም ቢሰቀሉ ነጠብጣብ ናቸው። አባሎቻችን እንዲህ ያለውን ፍርድ ራሳቸው ይስጡ፤ ለመፍረድ ግን ማየት ያስፈልጋል።

በቻትስወርዝ ያለው አንድ ሥራ በተለይ ለወጣቶቻችን ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ጄከብ ቫን ደር ቡገል የተባለው የሸክላ ጥበብ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2014 የአንድ ኮሪደር ግድግዳዎችን በ659 የሸክላ ገበታዎች አልብሷል፤ በገበታዎቹ ላይ የተነሡት ጉብታዎች የመስፍኑንና የቤተሰቡን ዲኤንኤ ቅደም ተከተል የሚከተሉ ናቸው። በሌሎቹ ክፍሎች የአያት የቅድመ አያት ምስል በወርቅ ፍሬም ተሰቅሎ ይታያል፤ እዚህ ግን ደሙ ራሱ በሸክላ ተጽፏል። ባዮሎጂ የሚማር ልጅ ላላት እናት ከዚህ የተሻለ የመነጋገሪያ ምክንያት አላውቅም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። በመጀመሪያ ሙሉ ቀን ይሰጠን። ሃውተን ከለንደን በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚወስድ፣ በብርዱ ወራት ዝግ የሆነና በሞቃቱ ወራትም በሳምንቱ የተወሰኑ ቀናት ብቻ የሚከፈት ቤት በመሆኑ፣ ቀኑ ሲመረጥ አስቀድሞ ከቤቱ ጋር በደብዳቤ መነጋገር ያስፈልጋል። ያን ጊዜም የቡድን ቅናሽ መኖሩን፣ ምርኩዝ ለሚይዙና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ አባላት የትኛው መንገድ እንደሚመች፣ ምግባችንን ይዘን የምንቀመጥበት ስፍራ የት እንደሆነ ይጠየቅ። ምሳው መስኩ ላይ ይሁን፤ ከሻይ ቤቱ ወረፋ የሚተርፈው ጊዜ ብቻውን አንድ ቅርፃ ቅርፅ ያሳያል።

ጠዋቱን በመስኩ፣ ከሰዓት በኋላውን በቤቱ ብናደርገው ይሻላል። የክፍሎቹን ጨለማ በተመለከተ ብዙዎች ቅር እንደሚሰኙ ሰምቻለሁ፤ አንድ ሰውም "መብራት ቆጥበውብን ነው" ብሎ ሲያማርር አጠገቡ ነበርሁ። ነገሩ ሌላ ነው። ሐር፣ ጥልፍና ምንጣፍ በብርሃን ቀለማቸው ስለሚለቅና ክራቸው ስለሚበጠስ፣ ጠባቂዎቹ መጋረጃ ጋርደው የብርሃኑን መጠን ለእንዲህ ዓይነት ዕቃዎች በተለመደው በ50 ለክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ ይወስኑታል። በሃውተን ከዊልያም ኬንት ንድፍ የተሠራው፣ በአረንጓዴ ቬልቬት የተሸፈነው አልጋ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው የቀረበውና ዛሬም አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው እንዲህ በመጠበቁ ነው። ይህ በአውቶቡሱ ውስጥ በሁለት ደቂቃ ቢነገር ቅሬታው ይቀራል።

ስለ ልጆችም አንድ ነገር አለኝ። በክፍሎቹ ውስጥ "አትንካ" የሚባል ልጅ መስኩ ላይ ቢለቀቅ ራሱ ጎብኚ ይሆናል። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነች አንዲት ልጅ በሃውተን የቀራፂዋን የሬቸል ዋይትሪድን የሲሚንቶ ጎጆ ዙሪያውን ሦስት ጊዜ ዞራ በሩን አጣች። ሥራው የአንዲት የእንጨት ቤት የውስጥ ባዶ ቦታ በሲሚንቶ ተሞልቶ የተቀረጸበት በመሆኑ በር የሚመስለው ሁሉ ወደ ውስጥ የተገለበጠ እንደሆነ ያገኘችው ራሷ ነች፤ እኛ አዋቂዎቹ ወረቀቱን እያነበብን ነበር።

በበኩሌ ቤቱ የሚቆምበትን መሬት፣ የተዛወረውን መንደርና በመስኩ ያሉትን ሥራዎች በአማርኛ የሚያስረዳ ሁለት ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ፤ የሚፈልግ ኮሚቴ ያለ ክፍያ አባዝቶ ሊያድለው ይችላል። አስፈላጊ ከሆነም በአውቶቡሱ ላይ ማይክሮፎን ይዤ ለሃያ ደቂቃ ያህል አስረዳለሁ፤ ከዚያ በላይ አልናገርም፤ ሰዎች መተኛት ይፈልጋሉና።

እማማ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት አንብቤላቸው ነበር። የጨመሩት ነገር ቢኖር የሚቀጥለው ጉዞ ቀን ሲቆረጥ ስማቸው አስቀድሞ እንዲመዘገብና፣ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ከፊተኛው በር አጠገብ ያለው ወንበር እንዲያዝላቸው ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከአባላት አንዱ